ተራራ ጉረኛ አይወድም

ሰውን ለማወቅ አብሮ መብላት፣ አብሮ መጠጣት፣ ገንዘብ መበዳደር ነው ይባላል። እኔ ደግሞ አንድ ልጨምርላችሁ… አብሮ ተራራ መውጣት! ከተማ ውስጥ እኮ ሁላችንም ጀግና ነን። ካፌ ቁጭ ብሎ፣ ማኪያቶ እያማሰሉ ራስ ዳሽንን መውጣት ማንን ያቅታል? ሦስት ሺህ ሜትር ሲታለፍ ግን የጫማው ዓይነት፣ የጡንቻው ውፍረት፣ የአፉ ቅልጥፍና አንድ በአንድ ይራገፍና ሰውየው ብቻውን ይቀራል። ያኔ ማን ምን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ለዚህ ምስክሬ የሰሜን ተራሮች ናቸው። በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. አምስት ጓደኛሞች እዚያ ወጥተን ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ከመካከላቸው ትዳር የያዙ አሉ፣ ይህን ዓምድ የሚያነቡም አይጠፉም! በቅጽል እንለያቸው። አንደኛው “ባለ ጡንቻው” ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጂም የሚውል፣ እሁድ እሁድ ኳስ የማይቀርበት ወጠምሻ። ሁለተኛዋ “ቀጭኗ” ናት፤ ልብስ ቤት የምትሠራ፣ ፎቅ ስትወጣ የሚያለከልካት ልጅ። ሦስተኛው “ባለ ካሜራው” ነው፤ ቅጽሉ ራሱ ይናገራል። አራተኛዋ “የጎንደሯ” ናት፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ረጋ ያለች፣ ስትስቅ እንኳ ድምፅዋ የማይሰማ። አምስተኛው እኔ። ባለ ጡንቻው ከአዲስ አበባ የተነሳው ለተራራው ብቻ አልነበረም፤ ለጎንደሯም ጭምር ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች። እንግዲህ ነገሩን ከዚህ ያዙልኝ።

ጎንደርን ሳያጣጥሙ…

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው ጎንደርን እንደ መናኸሪያ ብቻ ካያት ተጎዳ። አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዘመን ካሠሩት ግንብ ጀምሮ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው እየጨመሩ ያቆሙት የነገሥታት ግቢ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ከግንቡ ወረድ ሲሉ ጣሊያን የሠራው ፒያሳ አለ፤ ማታ ማታ የከተማው ወጣት ሽር የሚልበት። በቀሃ ወንዝ በኩል ደግሞ የፋሲል መዋኛ አለ። እኛ በደረስንበት ጊዜ ጥምቀት አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ስለነበር የከተማው ሰው ወሬ ሁሉ እሱ ነው። “ምነው ለጥምቀት ብትቆዩ?” ያላለን አስተናጋጅ፣ ያላለን ባለ ባጃጅ የለም። ጎንደሬ እንግዳ ሲወድ እንዲህ ነው!

እኔ፣ ባለ ካሜራውና የጎንደሯ ሁለት ሌሊት እዚያው አደርን። ዝም ብለን አልነበረም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚሄድ ሰውነት ቀስ በቀስ ነው መልመድ ያለበት። ይህን የነገረን በስልክ ያገኘነው አስጎብኚ ነው። ባለ ጡንቻውና ቀጭኗ ግን ፈቃድ ስላልደረሰላቸው በኋላ በአውሮፕላን መጥተው ተራራው ላይ ሊያገኙን ተቀጣጠርን። አስጎብኚው ለእነሱም በስልክ “ቢያንስ አንድ ሌሊት ደባርቅ እደሩ” ብሏቸዋል። ባለ ጡንቻው ምን ቢል ጥሩ ነው? “እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን! አዲስ አበባ ራሷ ተራራ አይደለች እንዴ?”

እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ከፍ ያለች ናት፤ 2,300 ሜትር ትዘላለች። ግን ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በኋላ ምን እንዳመጣች ታያላችሁ።

ሦስት ቀን በእግር

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወለቃን፣ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን እያለፉ ይሄዳሉ። ታኅሣሥ ላይ ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው፤ በሬዎቹ ሲያበራዩ፣ ልጆች ጭድ ላይ ሲንከባለሉ እያዩ የመኪናው መስኮት አይጠገብም። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። መግቢያ ይከፈላል፣ አስጎብኚ ይያዛል፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደባል፣ በቅሎና ምግብ አብሳይ ይቀጠራል። ስካውታችን ሽማግሌ ናቸው፤ “ጋሼ” አልናቸው። አንድ ጋቢ፣ አንድ ጠመንጃ፣ እግራቸው ላይ የላስቲክ ጫማ… ቃላቸው ግን በሚዛን ነው የሚወጣው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃ በር አደርን፤ 3,250 ሜትር። በሁለተኛው ቀን የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ አየን። ውኃው ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወርና ከታች ጉም ሆኖ ይቀራል። መንገዳችን ላይ ጭላዳዎቹ በመቶ እየሆኑ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ልብ የመሰለ ነገር አለው፤ ፀጉሩ እንደ አንበሳ ጎፈር ነፋስ ያመሰቃቅለዋል። ሰው መሀላቸው ቢቀመጥ ግድ አይሰጣቸውም። “ከከተማ ሰው ይሻላሉ፣ ዘወር ብለው ‘የማን ልጅ ነህ?’ አይሉም” አለ ባለ ካሜራው።

ግጭ ላይ አደርን፤ 3,600 ሜትር። እዚያ ድሮ መንደር ነበረ። ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ፓርኩ ከግጦሽና ከእርሻ እንዲያርፍ ተብሎ። የሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ናቸው። በ1996 ግን ከአደጋ መዝገብ ውስጥ ገብተው ሃያ አንድ ዓመት ቆዩና በ2017 ወጡ። ታዲያ ያ ሁሉ መስዋዕትነት ተከፍሎ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ከመጋቢት 2011 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ ሚያዝያ፣ ተራራው ተቃጠለ። የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገል ሰንብቶ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነው የጠፋው። እኛ ስናልፍ የአስታው ግንድ ጥቁር እንደሆነ ነበር። ከሥሩ ግን አረንጓዴ ቡቃያ ወጥቷል። ጋሼ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካ አደረጉትና “አልሞተም” ብለው ብቻ አለፉ።

በሦስተኛው ቀን እመት ጎጎ ላይ ወጣን። 3,926 ሜትር። እዚያ ጫፍ ላይ ሲቆሙ መሬት ከእግርዎ ሥር ያልቅና ቆላው ከሩቅ፣ ከታች፣ እንደ ካርታ ይዘረጋል። አሞራ ከበላያችሁ ሳይሆን ከበታቻችሁ ነው የሚበረው። ምን ልበላችሁ… ማየት ነው እንጂ አይነገርም። ከዚያ ወርደን ማታ ጨነቅ ደረስን። ስሙ ራሱ ይበቃል አይደል? ጨነቅ፣ 3,620 ሜትር፤ እዚህ መኪና ይደርሳል። ባለ ጡንቻውና ቀጭኗም በኮንትራት መኪና ደርሰው ጠበቁን። ጠዋት አዲስ አበባ፣ ማታ ጨነቅ! ለቅልጥፍናው ቢሆን ሽልማት ይገባቸዋል።

ያቺ ሌሊት

እራት ላይ ሁለቱን አየናቸው። ቀጭኗ ምግቡን ነካ ነካ አድርጋ ተወችውና “ራሴን እያመመኝ ነው፣ ትንሽም ያቅለሸልሸኛል” አለች፤ ሳታፍር። አስጎብኚው ፈገግ ብሎ “ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ። ነገ እዚሁ ትውያለሽ። ውኃ በብዛት፣ ሾርባ፣ ዕረፍት” አላት። እሷም እሺ ብላ ተጠቅልላ ተኛች።

ባለ ጡንቻው ደግሞ “አንተስ?” ተብሎ ሲጠየቅ “እኔ? እንደ ዋልያ ነኝ!” አለ። የብሔራዊ ቡድናችንን ስም መጥራቱ ነው። ሳቅን። ከደባርቅ “ለብርድ” ብሎ የገዛትን አረቄም አወጣ። አስጎብኚው ከፍታ ላይ አልኮል እንደማይመከር ቢነግረው “ብርዱን ምን ይመታዋል ታዲያ?” ብሎ ሁለቴ ተጎነጨ። የጎንደሯ ዝም ብላ ታየዋለች።

ሌሊቱን ሲገላበጥ፣ ሲነሳ፣ ሲወጣ፣ ሲገባ አደረ። ድንኳን ለድንኳን ስለሆንን ይሰማል። ባለ ካሜራው “ምነው?” ሲለው “ኧረ ብርዱ ነው” አለ። ብርዱስ እውነት ነው፤ በላስቲክ ያስቀመጥነው ውኃ ሲነጋ በረዶ ሆኖ ነው ያገኘነው። ግን ብርድ ብቻ እንዳልነበረ ያወቅነው በማግስቱ ነው።

ወደ ቧሂት

በማግስቱ ያሰብነው ቧሂትን መውጣት ነበር፤ 4,430 ሜትር ገደማ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተን፣ ሻይና ገንፎ ቀምሰን፣ ቀጭኗን ከምግብ አብሳዩ ጋር ትተን ጉዞ ጀመርን። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ጅብራዎቹ እንደ ቆሙ ሰዎች በጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። እያንዳንዱ እርምጃ ዳገት ነው፤ ዳገቱ ደግሞ ጠጠር ነው፣ ሁለት ወደፊት አንድ ወደኋላ። ማውራት ቆመ። የሚሰማው ትንፋሽና የበትር ኳኳታ ብቻ ሆነ።

ባለ ጡንቻው መጀመሪያ ከፊት ነበር። ጋሼ “ልጄ፣ ቀስ… ተራራ አይሮጥም፣ የትም አይሄድብህም” ቢሉት አልሰማም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከመሀል ሆነ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከኋላ። ከዚያ አንድ ጅብራ ጥግ ዞር ብሎ ሲያስመልስ ሰማን። “የትናንቱ ምግብ ነው” አለ። አንድ ምግብ ነው የበላነው፤ ማንም ሌላ አላመመውም። የጎንደሯ ውኃ ሰጠችው። እጁ ጓንቱን ማውለቅ እንኳ አቅቶት ሲንቀጠቀጥ አየን። “ደህና ነህ?” ስትለው “በጣም ደህና!” አላት፤ ቃሉ ግን እንደ ሰከረ ሰው ተንዘላዘለ።

የቧሂት በር ላይ ስንደርስ፣ 4,200 ሜትር ገደማ፣ ጫፉ ከፊታችን ቁልጭ ብሎ ታየ። አንድ ሰዓት ቢበዛ ነው የቀረው። እዚህ ላይ አስጎብኚው አስቆመን። ከበቅሎ ጭነት የተረፈ ገመድ ከቦርሳው አወጣና መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ ዘረጋው። “እስቲ ወንድሜ፣ በዚህ ላይ ተረከዝህን ከጣትህ እያገጠምክ ሂድልኝ” አለው።

ባለ ጡንቻው ሳቀ። “የሰርከስ ትርኢት ነው እንዴ?” አለ። አንድ እርምጃ… ሁለት… በሦስተኛው ላይ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደ ጎን ተንገዳገደ። ጋሼ ባይይዙት ኖሮ ወድቆ ነበር። ድጋሚ ሞከረ። ድጋሚ ወደቀ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። እኛም ዝም አልን።

“መመለስ አለበት። አሁን” አለ አስጎብኚው። “ነገ አይደለም፣ ከምሳ በኋላ አይደለም። አሁን።”

ክርክሩ

ውድ አንባቢያን፣ ከባዱ ዳገት ለካ ይህ ነበር። ባለ ጡንቻው “እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ፣ እናንተ ደርሳችሁ ኑ” አለ። ባለ ካሜራው ዓይኑ ጫፉ ላይ ነው፤ ስንት ወር ያጠራቀመበት፣ ስንት ቀን የተጓዘበት ሥዕል እዚያ አለ። “አንድ ሰዓት እኮ ናት! እሱ ይረፍ፣ እኛ እንመለሳለን” አለ። በሐቁ ከሆነ ክፋት አልነበረም። ሰው የደከመበትን ነገር በቅርብ ሲያየው እንዲህ ነው፤ ጆሮው ይደፈናል።

አስጎብኚው በእርጋታ አስረዳ። ከፍታ ላይ የታመመ ሰው ባለበት ቁጭ ቢል አይሻለውም፤ ሊብስበት ይችላል። ሚዛኑን የሳተ ሰው አንጎሉ ማበጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነገር ነው። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ብቻውን ደግሞ አይወርድም፤ ምክንያቱም መንገዱን ሊስት፣ ገደል ሊገባ ይችላል።

የጎንደሯ ይህን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ቦርሳዋን አዙራ አነገተችና “ተራራው ነገም አለ” አለች። ባለ ካሜራው ጫፉን አንዴ አየው፣ ካሜራውን ከፈተ፣ ከዚያው ሆኖ አንድ ፎቶ አነሳና ዘጋው። “እሺ፣ እንውረድ” አለ። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ ጉዞ ሁሉ የማደንቃት እርምጃ ያቺ ናት፤ የባለ ካሜራው ወደኋላ መዞር። ወደ ላይ መውጣት ጉልበት ነው፤ ጫፉን እያዩ መመለስ ግን ልብ ይፈልጋል።

የአይሱዙዋ እናት

ዕድል ቀናን። ከጃናሞራ ወደ ደባርቅ የሚሄደው የመኪና መንገድ በዚያው በር ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደጠበቅን ሰውና ገብስ የጫነች አይሱዙ እያቃሰተች መጣች። ጋሼ መሀል መንገድ ቆመው አስቆሟት። ገብሱ ላይ ወጣን። ሁለት ዶሮ የያዙ አንድ እናት ባለ ጡንቻውን አዩና ቦታ ለቀቁለት፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡለት። “ምን ሆኖ ነው የኔ ልጅ?” አሉ። ተራራው እንዳመመው ነገርናቸው። “ምን ሊያደርግ ወጣ?” አሉ። “ለመዝናናት” አልናቸው። ዶሮዎቻቸውን አስተካክለው ያዙና “ኧረ ጉድ በል ጎንደር! ሰው ሳይቸግረው!” አሉ። ባለ ጡንቻውም በዚያ ሁሉ ሕመሙ ሳቀ።

እኚህ እናት ያንን በር በእግራቸው ስንቴ እንደተመላለሱበት ቆጥረውት አያውቁም። እኔም ትንፋሽ አጥሮኝ እያየኋቸው “እነዚህ ሰዎች ከምን ተሠሩ?” ማለቴ አልቀረም። ቤት ገብቼ ሳነብ ነው መልሱን ያገኘሁት። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦችዋ ጋር ሆና፣ በዚሁ በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትማለች። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው በቀይ ሴል ወፍሮ ነው ከፍታውን የሚቋቋሙት። የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን አነስተኛ ሆኖ ነው የሚኖሩት። የእኛዎቹ ግን ሁለቱም ቆላ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ! ተራራ ላይ ሆነው ተራራው ደማቸው ላይ ብዙም አይታይም ማለት ነው። ምስጢሩን ሳይንስ ገና ሙሉ በሙሉ አልፈታውም።

“ታዲያ እኛም አበሾች ነን፣ ለምን አመመን?” የሚል አይጠፋም። የአገር ስም ሳንባ አይሆንም። አዲስ አበባ የለመደ ሰውነት አዲስ አበባን ነው የለመደው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢሆን ያው 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው አየሩን የሚገፋው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጨነቅ ላይ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። ቧሂት ጫፍ ላይ ወደ 60 በመቶ ዝቅ ይላል። ስለዚህ እዚያ አንድ ትንፋሽ ስትስቡ የምታገኙት የግማሽ ትንፋሽ ያህል ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ጡንቻ ደግሞ አያማልድም። እንዲያውም ጠንካራ ነኝ የሚለው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቶሎ ሊያመው ይችላል።

ጨነቅ ስንደርስ ጋሼና ባለ ካሜራው ወረዱ። ቀጭኗ በፀሐይ ተቀምጣ፣ ራስ ምታቷ ለቋት፣ ፊቷ በርቶ አገኘናት። “አያችሁት?” አለች። ምኑን? እኛ ከሄድን በኋላ ቀንዱ እንደ ማጭድ ወደኋላ የታጠፈ ትልቅ ወንድ ዋልያ ከነልጆቹ ከካምፑ ማዶ ወጥቶ፣ ረዥም ሰዓት ቆሞላታል። ዋልያ በዓለም ላይ ከነዚህ ተራሮች በቀር የትም የለም። እኛ ስንቧጥጥ ያላየነውን “አመመኝ” ብላ የቀረችው አየችው! ባለ ካሜራው እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ባለ ጡንቻው ደባርቅ እስኪደርስ ድረስ፣ በየኩርባው ከፍታው ሲቀንስ ፊቱ ሲመለስ በዓይናችን አየን። ደባርቅ ጤና ተቋም ወስደነው ታየ፤ ሌሊቱን በክትትል አደረ። በማግስቱ ጠዋት እንጀራ በሽሮ ሲጠይቅ ተንፈስ አልን።

የጎንደሯ ፍርድ

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ትሉኛላችሁ። እኔም ጓጉቼ ነበር። ባለ ጡንቻው ጎንደር ላይ ራት ጋበዛት፤ የልቡን ነገራት። እሷም ሰማችው። ለእኔ የነገረችኝን በእሷ ፈቃድ እጽፈዋለሁ። “መታመሙን አልጠላሁበትም፤ ማንም ይታመማል። መውደቁንም አልጠላሁም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ታሞ ሳለ ጠዋት ዓይን ዓይኔን እያየ ‘በጣም ደህና’ አለኝ። ዛሬ ራስ ምታቱን የደበቀኝ ሰው ነገ ዕዳውን ይደብቀኛል።”

ጨከነች የምትሉ ትኖራላችሁ። ባለ ካሜራውም “አንዲት ውሸት እኮ ናት፣ ያውም ለእሷ ብሎ!” ብሎ ተከራክሯታል። እሷ ግን እንዲህ አለች፤ “ለእኔ ብሎ አይደለም። እኔ ፊት እንዴት እንደሚታይ ብሎ ነው።” መልስ ያለው ካለ ይጻፍልን።

ነገሩ በዚያው ቀረ። ባለ ጡንቻው ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ የልጆቹ እናት ሌላ ናት። ደስ የሚለው ግን ያቺን የገመድ ታሪክ ጨዋታ ላይ ራሱ ነው የሚያወራት፤ ሦስተኛዋን እርምጃ ተነስቶ እየተንገዳገደ ያሳያል። ተራራው አንድ ነገር አስተምሮታል ማለት ነው።

እናንተስ ብትሄዱ?

ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ማንኛውም ከፍታ ልትወጡ ካሰባችሁ እነዚህን ያዙ።

አንደኛ፣ አትቸኩሉ። ጎንደር አንድ ሁለት ቀን፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት እደሩ። 3,000 ሜትር ካለፋችሁ በኋላ የምታድሩበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ይመረጣል። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ደግሞ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ምልክቱን እወቁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት… ከፍታ ላይ በደረሳችሁ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጀምራል። እነዚህ ካሉ ከፍ አትበሉ፤ ባላችሁበት ዕረፉ። እየባሰ ከመጣ ውረዱ። ሰው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ከተደናገረ፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለው፣ ሌሊትም ቢሆን ማውረድ ነው። ለከፍታ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ አረቄና የእንቅልፍ ክኒን ቤት ይቅሩ። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል፤ ምልክቱንም ይሸፍናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብዙ ውኃ፣ ወፍራም ካልሲና ጋቢ ይበልጣሉ።

አራተኛ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተማማሉ! “የአንዳችን መመለስ የሁላችን መመለስ ነው፣ የታመመ ይናገራል፣ የተናገረ አይሳቅበትም።” ይህ ቃል ተራራው ሥር ሆኖ ሲባል ቀላል ነው፤ ጫፉ ሲታይ ግን መልሕቅ ይሆናል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልበል። እኛ ከወጣን ወዲህ ያ አካባቢ ብዙ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ዙሪያ ደርሶ ብዙ ሰው አልቋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። ስለዚህ ሳትጠይቁ እንዳትነሱ። ጎንደር ዘመድ ካላችሁ በእሱ፣ ከሌላችሁ በአስጎብኚዎቹ በኩል የመንገዱን ነገር አጣሩ። አይሆንም ከተባላችሁ አይሆንም ነው፤ ቧሂት በር ላይ ባለ ካሜራው እንዳደረገው ካሜራችሁን ዘግታችሁ ጠብቁ። እንግዳ ሲጠፋ በቅሎ ያላት፣ ድስት የሚጥደው፣ መንገድ የሚመራው ሁሉ ጾሙን ያድራል። ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት እነዚያን ሰዎች አትርሷቸው።

በሉ እንግዲህ፣ እስከዚያው እንጦጦን እየወጣችሁ ተለማመዱ። ታዲያ ራሳችሁን ካመማችሁ ተናገሩ! ቸር ሰንብቱ።